የሶሪያሲስን ማሳከክ ከነርቩ ጀምሮ እንዴት ማብረድ ይቻላል (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው)

ሶሪያሲስ (ቆዳን እያወፈረ ቅርፊት ሚያወጣ፣ ማይተላለፍ በሽታ) ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሚያየው ቆዳውን ነው፣ ቅርፊቱን፣ ጥቁር ሹራብ ላይ ሚራገፈውን ነጭ ነገር፣ ሰው ምን አለኝ ሚለውን። ከስር ስላለው ነርቭ ሚያወራ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም፣ ሃኪም ጋ ተሰልፋችሁ ስትገቡም ወረፋው ስለሚበዛ ቅባት ይጻፍላችኋል ትወጣላችሁ። እኔ ሃኪም አይደለሁም፣ ሶሪያሲስ ይዞኝ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ምሰራ፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ጠመዝማዛ የሀረጎ መንገድ ስወጣ ስወርድ ምውል ሰው ነኝ፣ ግን የነርቩን ነገር ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ የቱን ማድረግ የቱን መተው እንዳለብኝ በጣም ስለጠራልኝ ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ ነርቩን ቀን ከሌት እየነካካችሁት የፈለጋችሁትን ውድ ቅባት ብትቀቡ ትለፋላችሁ፣ ነርቩን ካሳረፋችሁት ግን ርካሹም ቅባት ይሰራላችኋል።

መጀመሪያ ሶሪያሲስ መሆኑን እወቁ

እኛ አገር ቆዳ ላይ ለወጣ ነገር ሁሉ ስም ለመስጠት ሰው አይቸገርም፣ ጎረቤት ችፌ ነው ይላል፣ አክስት ጭርት ነው ትላለች፣ ሌላው ደሞ መጋኛ ነው ብሎ ያስፈራል። ሶሪያሲስ አብዛኛውን ጊዜ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ራስ ቆዳ ላይ ነው ሚወጣው፣ ዳር ድንበሩ የተለየ፣ ወፈር ያለ፣ ከላዩ ነጭ ብርማ ቅርፊት ያለው። መጽሐፍ ላይ ቀይ ነው ይላሉ፣ እኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይ ግራጫ ሆኖ ነው ሚታየው፣ በዚህ ምክንያት ፎቶ እያያችሁ የኔ አይመስልም ካላችሁ አትገረሙ። ቅርፊቱን በጥፍር ላጥ ካደረጋችሁት ስሩ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ ሚመስል ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ይሄን ለማየት ብላችሁ ግን አትላጡት፣ ምክንያቱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ከዛ ቤት ውስጥ ምታደርጉት ቀላል ነገር አለ፣ እሱም ራሱ የነርቭ ምርመራ ነው። ጥጥ ውሰዱና ጫፉን በጣት ጠምዘዝ አድርጋችሁ ቀጭን ክር አውጡለት። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን፣ እናንተ አንዴ ጤነኛው ቆዳ ላይ አንዴ የወጣበት ላይ በስሱ ንኩት፣ ሳትጎትቱ፣ እና የት እንደነካችሁት በጣቱ ያሳያችሁ። ሶሪያሲስ ላይ ስሜቱ አለ፣ እንደውም ሊበላው ይችላል። ቦታው ከደነዘዘ፣ ጥጡ ካልተሰማው፣ በተለይ ቆዳው ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ማያሳክክ ከሆነ የስጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። የስጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ነው ሚያጠቃው፣ ለዛ ነው ሚደነዝዘው። መድሃኒቱ በነጻ ነው ሚሰጠው፣ እንደ አይነቱ 6 ወር ወይ 12 ወር ተወስዶ ይድናል፣ ሚያስደብቅ ነገር የለውም። ለኛ ደሞ ሩቅ አይደለም፣ ደሴ አፍንጫ ስር ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በስጋ ደዌና በቆዳ ህክምና ሚታወቅ ነው (ቦሩ ሜዳ ሲባል የአጼ ዮሐንስ ጉባኤ ብቻ ትዝ ለሚለው ሰው ነው ምናገረው)። አንድ ነገር ግን፣ ስሜቱ አለ ማለት ስጋ ደዌ በፍጹም የለም ማለት አይደለም፣ ፊት ላይ ለምሳሌ ስሜት ሳይጠፋ ሊኖር ይችላል፣ የጥጡ ነገር ለመጠርጠር እንጂ ለመወሰን አይሆንም።

ጭርት ከሆነም ሌላ ጣጣ አለው፣ ስቴሮይድ (እብጠትና ማሳከክ ሚያበርድ) ቅባት ስትቀቡት ለጊዜው ማሳከኩ ይጠፋና ፈንገሱ ግን ከስር እየሰፋ መልኩን ቀይሮ ይመጣል፣ ከዛ ሃኪሙም ይቸገራል። ስለዚህ አንዴ በትክክል ሳትታዩ ቅባት አትጀምሩ።

ነርቩ ምን ያደርጋል

ጤነኛ ቆዳ ሴሉ ከስር ተሰርቶ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ላይ ይሄ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ያልቃል፣ ሴሉ ሳይበስል ይወጣና ይከመራል፣ ቅርፊቱ እሱ ነው። እንዲህ ሚያጣድፉት የራሳችን በሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው፣ ኢንተርሊውኪን 23 እና ኢንተርሊውኪን 17 ሚባሉ መልእክተኞችን እየላኩ። እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቶታል።

ነርቩ ምን አገባው ለምትሉ፣ ቆዳ ውስጥ ያለው ቀጭኑ የስሜት ነርቭ ወሬ ወደ ጭንቅላት ብቻ አይደለም ሚወስደው። ቆዳው ሲፋጅ ወይ ሲታከክ ምልክቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በዛው ቅጽበት ደሞ በቅርንጫፎቹ በኩል ወደ ቆዳው ይመለስና ጫፉ ላይ ሰብስታንስ ፒ እና ሲጂአርፒ ሚባሉ ነገሮችን ይረጫል። እነሱ የደም ስር ያሰፋሉ፣ የመከላከያ ሴሎቹን ያነቃሉ። የእድር ጡሩንባ ነፊ በሉት፣ ድንኳን አይተክል ቀብር አይቆፍር፣ ግን እሱ ካልነፋ ሰፈሩ አይሰበሰብም። ከዛ ደሞ የታመመው ቆዳ ራሱ ነርቭ ሚያሳድግ ነገር ከልክ በላይ ያመርታል፣ ነርቩ ይበዛል ስሜቱም ይስላል፣ ስለዚህ ያው ቦታ በትንሽ ነገር ይበላል፣ ታካላችሁ፣ እንደገና ይረጫል፣ እንዲህ እያለ ይሽከረከራል።

ይሄን ነገር ሰዎች ከጠረጠሩት ቆይቷል። ሶሪያሲስ አንድ ክርን ላይ ሲወጣ ሌላኛው ክርን ላይም መውጣቱ፣ ከጭንቀት በኋላ መባሱ፣ ይሄ ነገር ከነርቭ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው አይቀርም አስብሎ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሃኪም ዩጂን ፋርበር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ሃሳቡን ጽፎታል። ከዛ በህክምና መዝገብ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ሲሰሩ ነርቩ ተጎድቶ ቦታው ይደነዝዛል፣ እዛ ላይ የነበረው ሶሪያሲስ ይጠፋል፣ ስሜቱ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደሞ አይጦች ላይ ህመም ሚያስተላልፉትን ነርቮች አጥፍተው ሶሪያሲስ መሳይ ነገር ሊያስነሱ ሲሞክሩ እብጠቱ በጣም ቀንሶ ተገኘ፣ ያ ኢንተርሊውኪን 23 ሚያመርተው ሴል ከነርቩ ጋር ተጠግቶ ነው ሚኖረው፣ ነርቩ ሲጠፋ ምርቱም ወረደ።

ይሄን ያነበበ አንድ ወዳጄ ታዲያ ለምን ነርቡን አያደነዝዙልንም አለኝ። በነርቭ መርዝ፣ ማለቴ በቦቶክስ፣ ሞክረዋል፣ ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ አንዱ ጋ ረዳ ሲባል ሌላው ጋ ምንም ለውጥ የለም ተባለ። እና ደሞ ማይሰማ ክርን ይዞ ሽሮ እየተንተከተከ ምድጃ አጠገብ መቆም ከሶሪያሲስ የባሰ ነው። ለኛ ሚያዋጣን ነርቩ ባለበት እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ሙቅ ውሃውን ተዉት

ይሄ ለደሴ ሰው ከባድ ምክር ነው አውቃለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ላይ ከጦሳ ተራራ ሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ በዛ ላይ ሻወር ቤት ገብቶ እንፋሎቱ እስኪጋረድ ድረስ ማፍላት የማይወድ የለም። ሶሪያሲስ ላይ ሙቅ ውሃ ሲፈስ ደሞ ለዛች ደቂቃ እንዴት ደስ እንደሚል ያየ ያውቀዋል። ደስ ሚለው ግን የማቃጠሉ ስሜት የማሳከኩን ስሜት ስለሚሸፍነው ነው እንጂ ስለተሻለው አይደለም። ነርቩ ላይ ትሪፒቪ1 ሚባል ሙቀት መለኪያ አለ፣ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና ነርቩ እነዛን ነገሮች ይረጫል፣ ከሻወር ወጥታችሁ ልብስ ስትለብሱ የበለጠ ሚበላው ለዛ ነው። ይሄን መለኪያ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል፣ እንግዲህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ ውሃውን በእጃችሁ መዳፍ ሳይሆን በእጅ አንጓችሁ የውስጥ በኩል ለኩት፣ ሙቅም ቀዝቃዛም ካልመሰላችሁ ልክ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። በልብስ ሳሙና አትታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ካላገኛችሁ የታመመውን ቦታ በውሃ ብቻ አለቅልቁት። በሻካራ መታሻ ወይ በድንጋይ መፈተግ የለም። ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ገና ርጥበቱ እያለ ቫዝሊን ተቀቡ። ይቺ ርጥብ እያለ ሚለው ነገር ናት ዋናዋ፣ ከደረቀ በኋላ ከሆነ ግማሹን ጥቅም አጣችሁት።

እህቶቼ ወይባ ጢስ ምትገቡ ደሞ፣ ባህላችንን ተዉ ማለት ከባድ ነው፣ ግን ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ጢሱ ሶስቱም ነርቡን ሚነካኩ ናቸው፣ በሽታው በተነሳበት ሰሞን ብትተዉት ይሻላል፣ ቀለል ባለበት ጊዜም የታመመው ቦታ ላይ በቀጥታ እንዳይጋረፋችሁ።

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከላይ ስትነሱ የለበሳችሁት ሹራብ ሀረጎን ሳትጨርሱ ያልባችኋል፣ ላብ ደሞ ጨው አለው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ይለበልባል። እኔ ምለው ከውስጥ ጥጥ ልብስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ሹራቡ ቆዳችሁን በቀጥታ እንዳይነካ፣ እና ስትደርሱ አውልቁት። ስራ ቦታ ሲበላ ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ለተወሰነ ደቂቃ ቦታው ላይ ማድረግ ከማንኛውም ነገር ቀድሞ ይደርሳል። በረዶ ግን በቀጥታ አታድርጉ ቆዳ ይጎዳል።

ሚጥሚጣ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ቃሪያና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ሚያቃጥል ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፣ እና ሚከፍተው ያንኑ የሙቀት መለኪያ ነው፣ ለነርቩ ሚጥሚጣና የፈላ ውሃ አንድ ናቸው። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም ሲፈጩ ሚወጣው ሃይለኛ ነገር በጎኑ ያለ ሌላ የነርቭ በር ያንኳኳል። እነዚህን ቆዳ ላይ አስረው ያደሩ ሰዎች ማሳከኩ ጠፋልኝ ሲሉ አይዋሹም፣ ቃጠሎው ሸፍኖት ነው፣ ጠዋት ግን ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። ነጭ ሽንኩርት ታስሮበት ቃጠሎ የደረሰበት ሰው በህክምና ብዙ ጊዜ ተመዝግቧል።

አንድ አስተዋይ ሰው ግን ካፕሳይሲን መድሃኒት ሆኖ ይሸጣል እኮ ይላችኋል፣ ልክ ነው። ደጋግሞ ሲቀባ ነርቩ ያለውን ሰብስታንስ ፒ ረጭቶ ስለሚጨርስ ጸጥ ይላል፣ ሚያሳክክ ሶሪያሲስ ላይ ተሞክሮም ረድቷል። ግን የሞከሩት 0.025 ፐርሰንት አድርገው በፋብሪካ ለክተው፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ እየተቃጠሉም ነው። ሰኞ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የተገዛ ሚጥሚጣ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። መብላቱ ሌላ ነገር ነው፣ በርበሬ በላሁ ብሎ ሶሪያሲስ ተነሳብኝ ሚል ካለ ለራሱ ያስተውል፣ ከቆዳ ግን አርቁት፣ ሚጥሚጣ የነካችሁበትን እጅ በሳሙና ሳትታጠቡ ቅባት አትቀቡ።

አለማከክ ሚባለውን ነገር በተግባር

ሄንሪች ኮብነር ሚባል ጀርመናዊ ሃኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነገር አለ፣ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ጤነኛ ቆዳው ሲጫር፣ ሲቆረጥ ወይ ሲቃጠል እዛው የቆሰለበት መስመር ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ይወጣል። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፣ ሚሆንባቸው ሰዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ውስጥ ነው ሚመጣው፣ ለዛ ነው ሰው ከምን እንደመጣ ማያገናኘው። አዲስ ነገር ሲወጣባችሁ ወደኋላ ሁለት ሶስት ሳምንት አስቡ፣ ቀበቶ ነው፣ የቦርሳ ማንገቻ ነው፣ ምላጭ ነው፣ የጀበና ቃጠሎ ነው። ሂጃማና ዋግምት ምትሰሩ ሰዎች ይሄን በደንብ ስሙ፣ ምላጩ በነካበት በያንዳንዱ መስመር ላይ ሊወጣ ይችላል። ንቅሳትም ያው ነው። ቅርፊቱን በጥፍር አትላጡ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

አትከክ ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ ማሳከኩ ግን አይጠይቅም። ሚሰራው እንዲህ ነው፣ ጥፍር በጣም አሳጥሩ፣ ዳሩንም ሞርዱት። ሲበላ በመዳፍ ጫን ብላችሁ ቆዩ ወይ በጣት ዳበስ ዳበስ፣ ወይ ጤነኛውን ዙሪያውን እሹት። ቫዝሊን እላዩ ላይ ካለ ጥፍር ራሱ ያንሸራትታል፣ ያ ብቻውን ጥቅም ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ስትቀመጡ ክርናችሁን ብረቱ ላይ አታስደግፉ፣ ሀረጎ በያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ክርናችሁን እንዴት እንደሚፈጭላችሁ ልብ ብላችሁ እዩት፣ እኔ ወደ መተላለፊያው በኩል ነው ምቀመጠው።

ስግደትና ሶላት ላይ ጉልበት ሚፈተገውን ማስቀረት አይቻልም ማሳረፍ ግን ይቻላል፣ ከስር ወፈር ያለ ምንጣፍ ወይ የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፣ ሰፊና ለስላሳ ሱሪ ልበሱ። ውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠብ) በቀን አምስት ጊዜ ሲሆን ክርን ሚደርቀው በመታጠቡ ብቻ ሳይሆን ከታጠቡ በኋላ ባለመቀባትም ነው፣ ስለዚህ ውዱእ አድርጋችሁ ዳበስ አድርጋችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ተቀቡ፣ ከመታጠባችሁ በፊት ያለው ቅባት ውሃውን ይከለክላል ወይ ሚለውን ኡስታዞቹን ጠይቁ። ጸበል ምትሄዱም ሂዱ፣ ተጠመቁ፣ ስትመለሱ ግን ብርዱ ሳያደርቃችሁ ተቀቡ፣ መድሃኒትም አታቋርጡ።

ቅባቱን በልኩ

ፒያሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ሰው ገቡና “ያቺን ሃይለኛዋን ቱቦ ስጪኝ” አሉ፣ ልጅቷ “አያ፣ ማን አዘዘልዎት? የት ነው ሚቀቡት?” ስትላቸው “ኧረ እኔ ነኝ ያዘዝኩ፣ ፊቴንም ክርኔንም” አሏት። “አብሽር አያ፣ ክርንዎ ላይ ይሁን፣ ፊትዎ ላይ ግን ቆዳዎን ያሳሳብዎታል፣ ሃኪም ይይዎትና ይምጡ” ብላ ቱቦውን መለሰችው። ሁሉም እንደሷ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሳይጠየቅ ሚሸጥበት ቦታ ግን ሞልቷል።

ሃይለኛዋ ቱቦ ብዙ ጊዜ ክሎቤታዞል ናት፣ ስቴሮይድ ነው። ወፍራም ሶሪያሲስ ላይ በሃኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ሳምንት በደንብ ይሰራል፣ እብጠቱ ሲወርድ ነርቡም ሚነካው ነገር ይቀንስለታል። ልኩን እንዲህ ያዙት፣ ከቱቦው ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ሁለት መዳፍ ሚያህል ቦታ ይበቃዋል። ፊት፣ ብብት፣ ብሽሽት ላይ ሃኪም ካላለ አይነካም። ሲሻላችሁ ባንዴ አትጣሉት፣ ሃኪሙ እንደነገራችሁ እያራራቃችሁ ተዉት። ቅርፊቱ ከከበደ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባት ያለሰልሰዋል፣ አለበለዚያ ስቴሮይዱ ላዩ ላይ ቀርቶ ይባክናል። ራስ ቆዳ ላይ ማታ ዘይት ወይ ቫዝሊን ቀብታችሁ በሻሽ አስራችሁ እደሩ፣ ጠዋት በለብታ ውሃ ታጠቡት፣ በማበጠሪያ አትፈቅፍቁት። ለጋ ቅቤ ሚሉ አሉ፣ ያለሰልሳል እሺ፣ ግን የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ንጽህናው ስለማይታወቅ እኔ ቫዝሊንን እመርጣለሁ፣ ርካሽ ነው ደሞ አይሸትም።

ሜቶትሬክሴት ኪኒን የታዘዘላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ በደማቁ ያዙ፣ ለሶሪያሲስ ሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ቀን ምረጡለት፣ ደሴ ላይ ሰኞን ከገበያው ስም ጋር አያይዞ ማስታወስ ይቀላል። እርጉዝ የሆነች ወይ ልጅ ምትፈልግ ሴት አትወስደውም፣ አልኮልም አብሮት አይሄድም፣ ደምም በየጊዜው ይታያል።

ማታና ጭንቀት

ማታ ሚብሰው የናንተ ስንፍና አይደለም። አልጋ ውስጥ ቆዳ ይሞቃል፣ ሃሳብ ሚበትን ነገር የለም፣ ነርቩ ብቻውን ያወራል። ብርድ ልብሱ ከቆዳ ጋር እንዳይገናኝ ከስር አንሶላ ይኑር፣ ከመተኛት በፊት ተቀቡ፣ ለብሳችሁ የምትተኙት ጥጥ ይሁን። የአለርጂ ኪኒን፣ ሴትሪዚን ምናምን፣ ሶሪያሲስ ላይ ብዙ አይጠቅምም ምክንያቱም ማሳከኩ በዋናነት በሂስታሚን (አለርጂ ሲነሳ ሰውነት ሚረጨው ነገር) የሚመጣ አይደለም። እንቅልፍ ሚያመጡት የድሮዎቹ፣ ክሎርፌኒራሚን አይነቶቹ፣ ለማስተኛት ይረዳሉ፣ ግን በነጋታው ሀረጎን ሚነዳ ሾፌር ይሄን ውጦ መሪ እንዳይዝ።

ጭንቀት ሶሪያሲስ ያስነሳል ሲባል አፈ ታሪክ አይደለም፣ ስትጨነቁ ያው የቆዳ ነርቭ ነው ሚረጨው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ መድሃኒት ተቋረጠ፣ እንቅልፍ የለ፣ ከዛ በኋላ ቆዳው የተበላሸበት ሰው ራሱን እንደ ደካማ እንዳይቆጥር ነው ይሄን ምለው። ጭንቀትን ተዉ ብሎ መምከር ዋጋ የለውም፣ ነገር ግን የእንቅልፍ ሰዓት መጠበቅ፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው ጋር ቡና መጠጣት፣ ሲብስ ደሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት የቆዳው ህክምና አካል ነው። ቡና ላይ ስለበሽታው በግልጽ አውሩ፣ አይተላለፍም፣ ከአንድ ሲኒ ቢጠጣ፣ ከአንድ ገበታ ቢበላ ማንም አይያዝም። ሲጋራና አልኮል ያባብሳሉ፣ ጫት ምትቅሙ ደሞ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳችሁ ሌሊቱን ሙሉ እያከካችሁ ነው ምታድሩት።

ሃኪም ጋ ስትሄዱ

ምትወስዱትን መድሃኒት በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሱና ያዙ። ለደም ግፊትና ለልብ ሚሰጡ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት፣ ለአእምሮ ህመም ሚሰጠው ሊቲየም፣ ለወባ ሚሰጠው ክሎሮኪን ሶሪያሲስ ሊያስነሱ ይችላሉ። ወደ ባቲ ወደ ከሚሴ ወርዳችሁ ወባ ከያዛችሁ ህክምናውን እምቢ አትበሉ፣ ሶሪያሲስ አለብኝ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ የግፊት መድሃኒታችሁንም በራሳችሁ አታቁሙ። ፕሬድኒሶሎን ሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን ከሰው ተቀብሎ ለሶሪያሲስ መዋጥ በጣም አደገኛ ነው፣ ስትወስዱት ይጠፋል፣ ስታቆሙት ሰውነት ሁሉ ቀልቶ መግል ቋጥሮ ሊመጣ ይችላል። ልጆች ላይ ጉሮሮ ታመው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሰውነታቸው ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ሶሪያሲስ ከወጣ የጉሮሮውን ነገር ለሃኪሙ ንገሩት።

ጠዋት ስትነሱ መገጣጠሚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሚያስተሳስራችሁ ከሆነ፣ ጣት ሙሉው ካበጠ፣ ተረከዝ ካመመ፣ ጥፍር ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ካሉ ተናገሩ፣ ሶሪያሲስ መገጣጠሚያም ይይዛል፣ ካረፈደ መገጣጠሚያው ተበላሽቶ ይቀራል። መላ ሰውነት ከቀላና ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ ወይ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ባንዴ ከወጡ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ማሳከኩን ደሞ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነና ማታ ስንቴ እንደሚቀሰቅሳችሁ ለሃኪሙ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት ሚያየው ቅርፊቱን ብቻ ነው፣ የክርናችሁ ቅርፊት ትንሽ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ እንደማያስተኛችሁ ከናንተ ካልሰማ ከየት ያውቀዋል።